«ዘፋኝ ከሌለው ክላሲካል ነው» እና ሌሎች የሬዲዮ አድማጭ ስህተቶች

ከቀትር በኋላ የድሬዳዋ ሙቀት ሲበረታ፣ ከዚራ ከአንዱ ሱቅ ሬዲዮ ሳክስፎን ይንቆረቆራል። የታወቀ የትዝታ ዜማ ነው፤ ግጥሙ ወጥቶ በሳክስፎንና በኪቦርድ ተሠርቷል። «ክላሲካል ከፍተዋል» ይባላል። አልከፈቱም! ይህ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ዘፈን ነው። ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ክላሲካል ግን አይደለም። አንዳንድ የፕሮግራም አቅራቢዎችም እንዲያ እያሉ ስለሚያስተዋውቁት አድማጩ ላይ ብቻ መፍረድ ያስቸግራል።

የዘፋኝ መኖር አለመኖር መለያ አይሆንም። የቤትሆቨን 9ኛ ሲምፎኒ (ሲምፎኒ ለኦርኬስትራ የሚጻፍ ረጅም ሥራ ነው፤ ይህኛው የእ.ኤ.አ. 1824 ነው) የመጨረሻ ክፍሉ ላይ አራት ሶሎ ዘፋኞችና አንድ ሙሉ ኳየር (የዘማሪ ቡድን) አለበት። በዘፈን የሚተወነው ኦፔራማ ያለ ዘፋኝ ምኑን ኦፔራ ሆነ? በተቃራኒው የሙዚቃ አቀናባሪው የአሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት» ዘፋኝ የሌለው፣ ለኦርኬስትራ የተጻፈ የአገራችን ክላሲካል ሥራ ነው።

መለያው አሠራሩ ነው። አቀናባሪው እያንዳንዱ መሣሪያ የሚጫወተውን በኖታ ይጽፋል፤ ትንሽ ሐሳብ ይዞ ይነሣና እየለዋወጠ ያሳድጋታል። የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ (እ.ኤ.አ. 1808) የሚጀምረው በአራት ድምፅ ነው፦ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። ያቺን ምት ጆሯችሁ ላይ ያዟት። መጀመሪያው ክፍል ውስጥ በየቦታው ትመላለሳለች፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ ደግሞ ሆርኖቹ (የሚነፉ የነሐስ መሣሪያዎች) መልሰው ያመጧታል። ይህን መከታተል የጀመረ ሰው ግጥም አይናፍቀውም።

«ክላሲካል ለመተኛ ነው»፦ የቻይኮቭስኪ «1812» የተባለው የኦርኬስትራ ሥራ መድፍ አለበት። መልካም እንቅልፍ።

«ሞዛርት ሕፃን ጎበዝ ያደርጋል»፦ ወሬው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣ አንድ ጥናት ነው። የተፈተኑት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንጂ ሕፃናት አልነበሩም፤ ለውጡም ከሩብ ሰዓት አላለፈም።

«ዝም ካለ አልቋል»፦ ሲምፎኒ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍል አለው፤ በየመሃሉ ጥቂት ሰከንድ ጸጥ ይላል። ጣቢያ አትቀይሩ።

«ጣቢያው ድምፁን ያበላሻል»፦ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የአድማጩ እጅ ነው። የራቬል «ቦሌሮ» (እ.ኤ.አ. 1928) እጅግ ዝቅ ባለ የከበሮ ድምፅ ይጀምርና ለሩብ ሰዓት ያህል ድምፁ እየጨመረ ይሄዳል። ቬንቲሌተሩ እየጮኸ ያ ከበሮ አይሰማም፤ ሰው ቮሊዩሙን እስከ ጫፍ ያዞራል፤ አሥረኛው ደቂቃ ላይ ትንሿ ስፒከር መንጫጨት ትጀምራለች። ቬንቲሌተሩን ቀንሱ፣ ሬዲዮውን አንድ ሜትር ያህል ርቀት ላይ አቅርቡ፣ ቮሊዩሙን ዝግ ያለው ቦታ ለጥቂት በሚሰማበት ልክ ተዉት። ከዚያ በኋላ አትንኩት።

«አንቴና በረዘመ ቁጥር ይጠራል» የሚሉም አሉ። ለኤፍ ኤም 75 ሳንቲሜትር ያህል ይበቃል፤ በ100 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ስለሆነ ይህ ሩቡ ነው። ሽቦ ከመቀጠል ይልቅ ቦታ መቀየር ይሻላል። የኤፍ ኤም ሞገድ ተራራ አይወድም፤ ሐረርና ድሬዳዋን የደንገጎ ዳገት ይለያቸዋል። የጀጎል ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያም ያዳክሙታል፤ ስለዚህ ሬዲዮው መስኮት ላይ ይቀመጥ። አሁንም «ሽሽ» ካለና የስቴሪዮ (የግራና የቀኝ ድምፅ የሚለይ) ማብሪያ ካለው ወደ ሞኖ (አንድ ወጥ ድምፅ) መልሱት፤ ደካማ ሞገድ በስቴሪዮ ሲሰማ ሽሽታው ይበዛል፣ ዝግ ያለው ቫዮሊንም እዚያው ውስጥ ይሰጥማል።