ኃይል ምንድን ነው? ኳስ ይዛው ስለማትበረው ነገር

ስታዲየም አካባቢ ካለ አንድ ካፌ ተቀምጬ የእግር ኳስ ጨዋታ ስከታተል፣ አስተላላፊው «ኳሷ የተመታችበትን ኃይል ይዛ ሄደች፤ ኃይሏን ስትጨርስ ወደቀች» ሲል ሰማሁ። የጨዋታ ማሳመሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት ነበር፤ ነገር ግን ይህንኑ ሐሳብ ፊዚክስ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ በተማሪዎች የፈተና ወረቀት ላይ ሳነበው ስለኖርኩ ማለፍ አልቻልኩም።

ኃይል መግፋት ወይም መሳብ እንደሆነ ማንም ያውቃል። የሚዘነጋው ግን መግፋት ያለ ገፊና ያለ ተገፊ የማይኖር መሆኑ ነው። ኃይል አንድ አካል የሚያካብተው፣ ይዞት የሚዞረው ወይም የሚጨርሰው ሀብት አይደለም፤ ሁለት አካላት እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ነገር ነው። ለተማሪዎቼ ኃይልን በሰላምታ እመስለዋለሁ። ሁለት ሰዎች አራት ኪሎ ላይ ተገናኝተው ትከሻ ለትከሻ ሲሳለሙ ሰላምታው በመካከላቸው ነው፤ ሲለያዩም አንዳቸውም ሰላምታውን በኪሳቸው ይዘው ወደ ፒያሳ አይወጡም። ይዘውት የሚሄዱት ሰላምታው ያስከተለውን ለውጥ ነው።

ለስሕተቱ ቋንቋችንም የራሱ ድርሻ አለው። «ኃይል» የሚለው ቃል አየር ኃይልን፣ የሰው ኃይልንና የኤሌክትሪክ ኃይልን ሁሉ የሚሸከም ቃል ነው። የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል ሲባል የሚለካው ጉልበት (ኢነርጂ) በየሴኮንዱ የሚመነጭበት መጠን እንጂ ይህ ጽሑፍ የሚናገርለት ኃይል አይደለም። የፊዚክሱ ኃይል በኒውተን ይለካል፤ 1 ኒውተን ማለት 1 ኪሎ ግራም መጠነ ቁስ ያለውን አካል ፍጥነት በእያንዳንዱ ሴኮንድ በ1 ሜትር በሴኮንድ የሚለውጥ ኃይል ነው። ጉልበት በጁል ይለካል፤ እርሱን አንድ አካል ሊይዘው፣ ሊያስተላልፈውም ይችላል።

ወደ ኳሷ እንመለስ። የኳሷ መጠነ ቁስ 0.43 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ቆማ ሳለች ተመትታ በሴኮንድ 25 ሜትር ፍጥነት ብትወጣ፣ እግሩም ከኳሷ ጋር የቆየው ለአንድ መቶኛ ሴኮንድ ያህል ቢሆን፣ በዚያች ቅጽበት እግሩ ኳሷን በአማካይ ወደ 1,075 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል ገፍቷታል። ይህም ከአንድ ኩንታል ጤፍ ክብደት ይበልጣል። ኳሷ ከእግሩ በተላቀቀችበት ቅጽበት ግን ያ ኃይል አበቃ፤ አነሰ ወይም ደከመ ሳይሆን ጨርሶ የለም። በአየር ላይ ሳለች በእርሷ ላይ የሚሠሩት ወደ 4.2 ኒውተን የሚሆነው የመሬት ስበትና አየሩ ብቻ ናቸው። (የአየሩ ነገር ከተነሣ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው፤ አየሩም ስስ በመሆኑ ኳሷን የሚይዛት በዚያው ልክ ቀንሶ ነው።)

«ታዲያ የሚገፋት ከሌለ ለምን ትሄዳለች?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተሳሳተው በውስጡ የተደበቀው እምነት ነው። ለመሄድ ገፊ አያስፈልግም፤ ገፊ የሚያስፈልገው ፍጥነትን ወይም አቅጣጫን ለመለወጥ ነው። አስተላላፊው በዚህ ረገድ ብቻውን አይደለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ፣ የተወረወረ ድንጋይን አየሩ ይገፋዋል የሚለውን የአርስቶትል ትምህርት ተቃውሞ፣ ወርዋሪው በድንጋዩ ላይ የሚያሳድረው፣ እየቀነሰ የሚያልቅ ኃይል አለ ብሎ አስተምሯል። ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ጋሊሊዮ መንገዱን ከጠረገ፣ ኒውተንም እ.ኤ.አ. በ1687 ሕግጋቱን ካሳተመ በኋላ ያ «አዳሪ ኃይል» ቦታ የለውም። ኳሷ ይዛ የምትሄደው ፍጥነቷን፣ ከእርሱም ጋር ሞመንተሟን (የመጠነ ቁሷንና የፍጥነቷን ብዜት) እና ጉልበቷን ነው። ሣር ላይ ተንከባልላ የምትቆመው የያዘችው ኃይል አልቆባት ሳይሆን ሣሩና አየሩ ወደ ኋላ ስለሚገፏት ነው።

ሚኒባስ ታክሲ በድንገት ፍሬን ሲይዝ «ኃይል ወደ ፊት ወረወረን» ማለትም የዚሁ ስሕተት ወንድም ነው። ወርዋሪው ማን ነው? ማንም አይደለም። መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ተሳፋሪው በነበረው ፍጥነት ቀጠለ እንጂ ወደ ፊት የገፋው አካል የለም።

የኃይል ዓይነቶችን በተመለከተ መጻሕፍት በንክኪ የሚሠሩና ያለ ንክኪ የሚሠሩ ብለው ይከፍሏቸዋል። ሰበቃ፣ የገመድ ውጥረት፣ ጠረጴዛ በላዩ ያለውን ዕቃ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ከመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ እንደ መጨባበጥ ናቸው። ስበት፣ የማግኔትና የኤሌክትሪክ ኃይል ደግሞ ከመንገድ ማዶ እጅ እንደመንሣት ናቸው። ክፍፍሉ ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ሆኖም ወደ አቶሞች ስንወርድ «ንክኪ» የምንለው ሁሉ በመሠረቱ ኤሌክትሮማግኔታዊ ነው። እስካሁን የሚታወቁት መሠረታዊ ኃይሎች አራት ናቸው፤ ስበት፣ ኤሌክትሮማግኔታዊው፣ ጠንካራውና ደካማው የኑክሌር ኃይል። ክብደትም ኃይል ነው፤ የአንድ ኩንታል ጤፍ መጠነ ቁስ የትም ቢሄድ 100 ኪሎ ግራም ሲሆን ክብደቱ ግን እንደ ቦታው ይለያያል። ከተማችን ከፍታ ላይ በመሆኗና ለምድር ወገብ በመቅረቧ፣ እዚህ የስበት ፍጥንጥነት (የሚወድቅ አካል ፍጥነት በእያንዳንዱ ሴኮንድ የሚጨምርበት መጠን) በመጻሕፍት ከለመድነው 9.81 ሜትር በሴኮንድ በጥቂቱ አንሶ 9.78 ገደማ ነው፤ ስለዚህ የኩንታሉ ክብደት ወደ 978 ኒውተን ይሆናል።

የሰላምታው ምሳሌ የሚሰበርበት ቦታም አለ፤ እርሱን ሳልናገር ብቀር ሌላ ስሕተት እተክላለሁ። ሰላምታ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይመልሳል። ኃይል ግን መልሱ አይቀርም፣ አይዘገይም፣ አያንስም። እግሩ ኳሷን በ1,075 ኒውተን ሲገፋ፣ በዚያችው ቅጽበት ኳሷም እግሩን በ1,075 ኒውተን ትገፋዋለች፤ በባዶ እግር የመታ ሰው ይህን በጣቱ ያውቀዋል። «ሁለቱ እኩልና ተቃራኒ ከሆኑ ለምን አይጠፋፉም?» የሚለው ጥያቄ መልሱ፣ አንዱ በኳሷ ላይ፣ ሌላው በእግሩ ላይ ስለሚሠሩ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ መምህራንም ይስታሉ። በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የቡና ስኒ ክብደቱ ወደ ታች ነው፣ ጠረጴዛው ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ስለዚህ እንደ እግሩና እንደ ኳሷ ግፊያ የኃይልና የመልሱ ጥንድ ናቸው ይባላል። አይደሉም። ሁለቱም በስኒው ላይ ነው የሚሠሩት፣ እኩል የሆኑትም ስኒው ስላልተንቀሳቀሰ ነው። መሬት ስኒውን ወደ ታች ስትስበው፣ የዚህ ኃይል ጥንድ ስኒው መሬትን ወደ ላይ የሚስብበት ኃይል ነው፤ መጠኑም እኩል ነው። የመሬት መጠነ ቁስ እጅግ ግዙፍ በመሆኑ ግን ከዚያ የሚመጣውን ፍጥንጥነት የሚያሳይ መሣሪያ የለም።