የአኦርታ አኑሪዝም ምንድን ነው? አቅም ለከዳቸው አዛውንትስ ምን ይደረጋል?

አኦርታ ከልብ ተነስቶ እስከ ሆድ የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ ነው። ሆድ ውስጥ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳው በዕድሜ፣ በደም ግፊት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሲጋራ ሲሳሳ ያብጣል፤ ባሕር ዳር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ያረጀ ከመነዳሪ አንድ ቦታ ላይ ሲያብጥ አይቶ ያውቃል፣ እንደዚያ ነው። 3 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ አኑሪዝም ይባላል።

ክፋቱ ድምፁን አጥፍቶ ቆይቶ ድንገት ሊፈነዳ መቻሉ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለሌላ ሕመም አልትራሳውንድ ሲታዩ ነው። ሆድ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ይቀባል፣ መሣሪያው ከእምብርት ከፍ ብሎ ያርፋል፣ ቧንቧው ጥቁር ክብ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይወጣና ከዳር እስከ ዳር ይለካል። አያምም። ሲጋራ ያጨሱ፣ 65 ዓመት ያለፋቸው አባት ካሏችሁ ይህን አስለኩላቸው።

ወንድ ላይ 5.5፣ ሴት ላይ 5 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ቢላ አይነሳም። ግፊት ይስተካከላል፣ ሲጋራ ይቆማል፣ በየጊዜው ይለካል።

ካለፈስ? አንዱ መንገድ ሆድ ከፍቶ ሰው ሠራሽ ቧንቧ መስፋት ነው፤ ልቡ፣ ሳንባው ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይችለው ይችላል። ሌላው ኢቫር ነው፦ በብሽሽት በኩል የታጠፈ ቱቦ ይገባና እብጠቱ ውስጥ ይዘረጋል። ቀለል ያለ ስለሆነ ለደካማ ሰው መፍትሔው ይሄው ነው ይባል ነበር። ግን በብሪታንያ የተደረገውና ለክፍት ቀዶ ሕክምና አቅም የሌላቸውን የተከታተለው ኢቫር 2 ጥናት በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው ውጤት ሌላ ነው። በአኑሪዝሙ የሚሞተው ቀነሰ፤ ዕድሜያቸው ግን በጥቅሉ አልረዘመም፣ ምክንያቱም ሌላው በሽታቸው ቀደመ። ደግሞ ቱቦው ዳር ደም ሊያፈስ ስለሚችል ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነው። ከደጋ ዳሞት ለሲቲ ስካን እየተመላለሱ መኖር ለአንድ ሽማግሌ ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ሐኪሙን "ይሠራል ወይ?" ብቻ አትበሉት። "ቢተውስ? እብጠቱ ነው ወይስ ልባቸው የሚያሰጋው?" በሉት። አባታችሁን ደብቃችሁ ልጆች ብቻ አትወስኑ፤ ገላቸው የሳቸው ነው፣ ይጠየቁ።

መተው ከተመረጠም ቤተሰብ አንድ ነገር ይወቅ፦ ድንገት ሆድ ወይም ወገብ ክፉኛ ከያዛቸው፣ ካላባቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ፣ "ኩላሊት ነው" ብሎ ማሳደር የለም፤ እዚያው በዚያው ሆስፒታል ነው።