የጠፋችው የባሕር ላም እና የገደላችን ሽኮኮ

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉ ገደሎች፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ ሽኮኮ ማየት ብርቅ አይደለም። ብዙዎቻችን የጥንቸል ወይም የአይጥ ዘመድ ትመስለናለች። አይደለችም። በሕይወት ካሉት እንስሳት ለሽኮኮ የሚቀርቧት ዝሆንና የባሕር ላሞች ናቸው። የባሕር ላም ስንል በባሕርና በወንዝ ውስጥ ሣር የሚግጡ፣ ጡት የሚያጠቡ ትላልቅ እንስሳት ማለታችን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ትልቋ ዛሬ የለችም።

እ.ኤ.አ. በ1741 ቪቱስ ቤሪንግ የሚመራት የሩሲያ መርከብ ከሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ምድር ከካምቻትካ በስተምሥራቅ ባለ ሰው አልባ ደሴት ላይ ተሰበረች። ቤሪንግ እዚያው ሞተ። ከተረፉት አንዱ ጀርመናዊው ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ጌኦርግ ስቴለር ነበር። እሱ ነው ይህቺን እንስሳ በሕይወት ሳለች አይቶ በዝርዝር የጻፈላት። ዛሬም በስሙ የስቴለር የባሕር ላም ትባላለች።

ርዝመቷ 8 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ክብደቷ ብዙ ቶን ነው። ቆዳዋ ያረጀ የዛፍ ቅርፊት ይመስላል። ጥርስ የላትም፤ የባሕር አረሙን የምታላምጠው ቀንድ በመሰለ ጠንካራ ሰሌዳ ነው። ጠልቃ መሄድ ስለማትችል ጀርባዋ ሁልጊዜ ከውኃው በላይ ይታያል። ሰውንም አትፈራም። መርከበኞቹ ትልቅ መንጠቆ ይወጉባትና 30 ያህል ሰው ከባሕሩ ዳር ሆኖ ገመዱን ይስባል። ስቴለር እንደጻፈው፣ አንዲት ሴት የባሕር ላም ስትወጋ ወንዱ ገመዱን ሊያላቅቅላት ይታገል ነበር። ከሞተችም በኋላ ሁለት ቀን ተከታትሎ ወደ ባሕሩ ዳር መጥቷል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

መርከበኞቹ በሥጋዋ በርትተው በ1742 በሠሯት አዲስ ጀልባ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ የባሕር ኦተር የሚባል ጸጉራም የባሕር እንስሳ ጸጉር ፈላጊ አዳኞች ጎረፉ። ለስንቃቸው የባሕር ላም ያርዱ ነበር። ብዙዎቹ ቆስለው ወደ ባሕሩ አምልጠው በከንቱ ይሞታሉ። የመጨረሻዋ ተገደለች የሚባለው በ1768 ነው። ከታወቀች 27 ዓመት ብቻ! በእርግጥ ቀድሞውንም ቁጥሯ ትንሽ ነበር፤ በዚያ ደሴትና በጎረቤቱ ዙሪያ ብቻ ነበር የቀረችው። የኦተሮቹ ማለቅም ሳይጎዳት አልቀረም የሚሉ አሉ። ኦተር የባሕር ጃርት ይበላል። ኦተር ሲያልቅ ጃርቱ ይበዛል፣ ጃርቱም አረሙን ይጨርሳል።

በዚህ መንገድ የሄደችው እሷ ብቻ አይደለችም። የካሪቢያን መነኩሴ አቆስጣ የሚባለው፣ ዓሣ የሚበላ የባሕር እንስሳ፣ በእርግጠኝነት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1952 ነው። የሜዲትራኒያንና የሃዋይ ዘመዶቹ ግን በጥቂት ቁጥር አሉ።

ከባሕር ላሞች ዛሬ የቀሩት አራት ዝርያዎች ናቸው። ሦስቱ ማናቲዎች ናቸው፤ አንዱ በአማዞን ወንዝ፣ አንዱ በካሪቢያንና በፍሎሪዳ፣ አንዱ ከሴኔጋል እስከ አንጎላ ባለው የምዕራብ አፍሪካ ውኃ ይኖራል። አራተኛው ዱጎንግ ነው። ለጠፋችው ላም የሚቀርባትም እሱ ነው።

ሽኮኮ ከእነዚህ ጋር ምን አገናኛት? አካሏን ማየት ነው። ሁለቱ ረጃጅም ጥርሶቿ እንደ ዝሆን ጥርስ ከፊት ጥርስ የበቀሉ ናቸው እንጂ የውሻ ክራንቻ አይደሉም። የወንዱ ቆለጥ እንደ ዝሆንና እንደ ባሕር ላም በሆዱ ውስጥ ይቀራል። ጥቂት ኪሎ ብቻ የምትመዝነው ሽኮኮ ከ7 ወር በላይ ታረግዛለች። ከጥንታውያን ሽኮኮዎች መካከል ደግሞ ፈረስ የሚያህሉ ነበሩ፤ ቅሪታቸው በአፍሪካ ተገኝቷል።

ዱጎንግ እስከ 3 ሜትር ይረዝማል። በጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የባሕር ሣር ይግጣል። አየር የሚስበው ከውኃው በላይ ስለሆነ የዓሣ መረብ ከያዘው ታፍኖ ይሞታል። ሴቷ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ እስክትወልድ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ ጥቂት ሲሞቱ እንኳ መተካቱ ከባድ ነው። በቻይና ባሕር የለም ሊባል በሚችል ደረጃ መጥፋቱን ተመራማሪዎች በ2022 አስታውቀዋል። በቀይ ባሕር ግን አሁንም አለ። ከኮምቦልቻ በሚሌ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው የጥንቱ የመኪና መንገድ የሚያበቃው በዚያው ባሕር ዳር ነው።