አውጣልኝ አትበሉኝ፦ ስለ ዘር ፍሬ እብጠት የሚባለውና እውነታው

«ዶክተር፣ ሦስተኛ ፍሬ አበቀልኩ።»

በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ የሚለኝ ወንድ ጅማ ውስጥ አይጠፋም። ገላውን ሲታጠብ ከፍሬው በላይ፣ ወደ ኋላ ገባ ብላ አተር የምታህል ነገር እጁ ላይ ትመጣለች። ከዚያ ሁለት ወር እንቅልፍ የለም። እኔ ጋ ሲደርስ በሽታውንም አውቆታል፣ ሕክምናውንም ወስኗል። የቀረው የኔ ቢላ ብቻ ነው። «አውጣልኝ!»

አላወጣም። ለምን እንደማላወጣ ለእያንዳንዱ በሹክሹክታ ከምደጋግም፣ እስኪ እዚህ አንዴ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ከእያንዳንዱ ፍሬ ጀርባ ኤፒዲዲሚስ የሚባል ቱቦ ተጠቅልሎ ተጣብቋል። ዘር ከፍሬው ወጥቶ የሚበስለው እዚያ ነው። ተጠቅልሎ ሲታይ ትንሽ ነው፣ ቢተረተር ግን 6 ሜትር ገደማ ይሆናል። እዚህ ቱቦ ላይ ውሃ የቋጠረች ከረጢት ስትፈጠር ሲስት እንላታለን። ውሃዋ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ዘር ከተቀላቀለበት ደግሞ ወተት ይመስላል፤ ያኔ ስፐርማቶሲል ትባላለች። ስማቸው ቢለያይም ሕክምናቸው ያው ነው። ምንም ሕመም የሌላቸው ወንዶች በአልትራሳውንድ ሲታዩ እንኳ ከ10 ሁለት ሦስቱ ላይ ትገኛለች። ብዙዎቹ ሳያውቋት ይኖራሉ።

ትናንሾቹን ወሬዎች ቶሎ ልጨርሳቸው።

«ብርድ መታኝ።» የጅማ ዝናብ በብዙ ነገር ይታማል። በዚህ ግን የለበትም።

«ባጃጅ ስለምነዳ ነው።» መንገዱ ወገብህን ይጎዳው ይሆናል። ሲስት አያበቅልም።

«ሴት ጋ ስለሄድኩ ነው።» «ሴት ጋ ስላልሄድኩ ነው።» ሁለቱንም ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም አይደለም።

«ጨብጥ ነው።» ጨብጥ ሽንት ያቃጥላል፣ መግል ያወጣል። ወደ ኤፒዲዲሚስ ከዘለቀ ደግሞ ያሳብጣል፣ ያተኩሳል፣ ሲነኩት ያስጮሃል። ሲስት አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብላ የምትቀመጥ ናት። ከሂርማታ በኩል የመጣ አንድ ልጅ ለእሷ ብሎ ሦስት ዙር አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ ገዝቶ ውጧል። ሲስቷ ምንም አልሆነችም። የተበላሸው ሆዱ ነው።

«ቡአ ነው።» እኛ አገር እዚያ አካባቢ ያበጠ ሁሉ ቡአ ነው። ቡአ ግን ከብሽሽት የሚወርድ ነው፤ ሲያስሉ ይገፋል፣ ሲተኙ የሚመለስም አለ። ሃይድሮሲል ደግሞ ፍሬውን ራሱን የሚከብ ውሃ ነው። ወደ ጋምቤላ በኩል በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ ጋር የሚመጣም አለ። ሲስት ከፍሬው ተለይታ ትዳሰሳለች። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ ሲበራባት ብርሃኑን ታሳልፋለች። ሃይድሮሲልም እንደዚያው ስለሚያደርግ በስልክ መብራት ሞክራችሁ ራሳችሁን ሐኪም አድርጋችሁ እንዳትሾሙ።

«ካንሰር ነው።» ይሄን ፍርሃት አልቆጣውም። የፍሬ ካንሰር አለ፤ በአብዛኛው ወጣቶችን ይይዛል፣ ብዙ ጊዜም አያምም። ግን እሱ ፍሬው ራሱ ላይ የሚበቅል ጠጣር ነገር ነው። ሲስት ከፍሬው ውጪ ናት፣ ወደ ካንሰርም አትለወጥም። ስለዚህ አዲስ እብጠት ያገኘ ሰው አንዴ ይታይ፣ አልትራሳውንድ ይነሳ። ሲስት ነው ከተባለ ቤቱ ይግባ።

አሁን ወደ ዋናው። «መካን ያደርጋል፣ ስለዚህ ቶሎ ይውጣልኝ።» ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው።

ሲስቷ መካን አታደርግም። ሊያደርግ የሚችለው ማውጣቱ ነው! ያ 6 ሜትር ቱቦ ከክር አይወፍርም፤ አቋራጭም ተለዋጭም መንገድ የለውም። ሲስቷ ስትወጣ ቱቦው ከተነካ ወይም ጠባሳ ከዘጋው፣ የዚያ ጎን ዘር እዚያው ቀረ ማለት ነው። ሌላው ጎን ጤነኛ ከሆነ ሊያካክስ ይችላል። ካልሆነስ?

ከአጋሮ አንድ የቡና ነጋዴ መጣ። 27 ዓመቱ ነው፣ ካገባ ሰባት ወሩ። ሚስቱ አላረገዘችም፣ እናቱ መጠየቅ ጀምረዋል። በዚህ መሀል ሲስቷን አገኘና ጥፋቱን ሁሉ እሷ ላይ ጫነው። የቡናውን ገንዘብ ይዞ ነው የመጣው። «ወንድሜ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሞክራችሁ እምቢ ካላለ መካንነት አይባልም» አልኩት። የዘር ምርመራ አዘዝኩ፤ ደህና ነው። አኩርፎ ወጣ። በዓመቱ ደወለ፤ ሴት ልጅ ወልደዋል።

«ሲስቷስ?» አልኩት።

«አለች» አለኝ እየሳቀ።

ሌላው አልታደለም። እሱ ሁለቱንም ጎን ሌላ ቦታ አሠርቶ ነው የመጣው። ልጅ አልነበረውም፤ ከመሠራቱ በፊት የጠየቀውም የለም። የዘር ምርመራው ባዶ ሆኖ ተመለሰ። ያንን ወረቀት ለሰው ማንበብ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።

«እሺ በመርፌ ቅዳልኝ።» ይቀዳል፣ ብዙ ጊዜም ተመልሶ ይሞላል። መርፌው ኢንፌክሽን ሊያስገባ ይችላል። ተመልሶ እንዳይሞላ ተብሎ የሚወጋ መድኃኒትም ቱቦውን ሊጎዳ ስለሚችል፣ መውለድ ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም።

ቢላ የማነሳበት ጊዜ የለም አላልኩም። ከደዶ የመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ የሳቸው ብርቱካን ታህል ነበር። በቅሎ ላይ መቀመጥ አቅቷቸዋል። ስድስት ልጆች አሏቸው፣ ሰባተኛ አይፈልጉም። ደም ሊቋጥር፣ ሊያመረቅዝ፣ ተመልሶም ሊመጣ እንደሚችል ነገርኳቸው። «ግድ የለም፣ በቅሎዬ ላይ ብቻ መልሰኝ» አሉ። አወጣሁላቸው።

የናንተ አተር ካከለችና ካላመመች ተዉዋት። ትንሽ ከከበዳችሁ ደግፎ የሚይዝ ፓንት ልበሱ። ካመመች ፓራሲታሞል፣ ጨጓራ ከሌለባችሁ አይቡፕሮፌን ይበቃል። ካደገች ወይም ሕመሙ ካልለቀቀ ተመለሱ።

ሌሊትም ቢሆን የማይጠበቀው ሌላ ነው። አንደኛው ፍሬ ድንገት ከባድ ሕመም ከጀመረው፣ በተለይ ማስመለስ ካለበት፣ ያ ሲስት አይደለም። ፍሬው ዞሮ ደሙ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ለማዳን ያለን ጊዜ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ያኔ ማፈር፣ ሻይ ማፍላት፣ ፋርማሲ መዞር የለም። ባጃጅ ጠርታችሁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።