«ቁልፉ በዝቶብኝ ተውኩት»፦ ወታደራዊ ሲሙሌሽን ጌም ለሚጀምሩ፣ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ደብተር ይዞ ቤቴ መጣ። ደሴ ነን። ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖታል፤ ገና በዘጠኝ ሰዓት የመሸ ይመስላል። ደብተሩን ተቀብዬ ገለጥኩት። ሁለት ገጽ ሙሉ የኪቦርድ ቁልፍ ዝርዝር ነው። ጌሙ አርማ 3 ነው። «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ሳልይዝ እንዴት ልጀምር?» አለኝ። ሦስት ቀን ሲሸመድድ ከርሟል። ጌሙን ግን አንድም ቀን አልተጫወተውም።

አርማ 3ን የሠራው ቦሄሚያ ኢንተራክቲቭ የተባለ የቼክ ኩባንያ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 ነው። ከተራ የተኩስ ጌም የሚለየው እውነቱን ለማስመሰል ስለሚጥር ነው። ወታደሩ ይደክመዋል። ጥይቱ እየራቀ ሲሄድ ይወርዳል። የሩቅ ፍንዳታ መጀመሪያ ይታያል፣ ድምፁ ኋላ ይደርሳል። ይህን ጌም እወደዋለሁ። ስለዚህ ሰው ደጃፉ ላይ ደርሶ ሲመለስ ያሳዝነኛል። የሚመልሱትም እዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ደጋግሜ የምሰማቸው ጥቂት የተሳሳቱ ሐሳቦች ናቸው።

«መጀመሪያ ቁልፎቹን በሙሉ መሸምደድ አለብኝ»

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

የቁልፎቹን ገጽ ስትከፍቱ ብዛቱ ያስደነግጣል። ረጋ ብላችሁ ስታዩት ግን በክፍል በክፍል የተደረደረ ነው። በእግሩ ለሚሄድ፣ መኪና ለሚነዳ፣ ሄሊኮፕተር ለሚያበር፣ ሌሎችን ለሚያዝ እያለ ይቀጥላል። በእግሩ የሚሄድ ሰው የአብራሪ ቁልፍ ምን ያደርግለታል? እንዲያውም ያው አንድ ቁልፍ እንደ ቦታው ሥራው ይለወጣል። በእግራችሁ ስትሆኑ ዜድ በደረት ያስተኛችኋል። ሄሊኮፕተር ውስጥ ያችው ዜድ ወደ መሬት ታወርዳችኋለች። ሺፍት በእግር ያስሮጣል፤ ሄሊኮፕተር ውስጥ ሽቅብ ያነሣል። ደብተር ላይ የተጻፈ ዝርዝር ይህን ለጣት አያስተምርም።

ወሎ ውስጥ ክራር የሚማር ልጅ ያላየ የለም። መምህሩ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በአንድ ቀን አይጭንበትም። አንዱ ቅኝት ላይ ያቆየዋል። ጣቱ ክሩን ሳያይ ማግኘት ሲጀምር ወደ ሌላው ያሻግረዋል። የኪቦርዱም ነገር ከዚህ አይለይም።

ደብተሩን አስቀመጥነውና ጌሙን ከፈትን። የመጀመሪያ ቀን የሰጠሁት እነዚህን ብቻ ነው። ለመሄድ ደብሊው፣ ኤ፣ ኤስ እና ዲ። ለማየት ማውስ። ለመንበርከክ ኤክስ፣ በደረት ለመተኛት ዜድ። የጥይት ካዝና ለመቀየር አር። ካርታ ለመክፈት ኤም። በቃ። በእነዚህ ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ ደሴቱ ላይ ሲዞር ቆየ።

በሁለተኛው ቀን ራሱ ጠየቀኝ። «ከግንቡ ኋላ ስንበረከክ ምንም አይታየኝም። ስቆም ይመቱኛል። ምን ላድርግ?» ያኔ ኮንትሮልን ይዞ ደብሊውን ወይም ኤስን መጫን አሳየሁት። መቆም፣ መንበርከክና መተኛት እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ከፍታ አላቸው። ሲደመር ዘጠኝ ይሆናል። ከግንቡ በላይ ዓይኑን ብቻ ብቅ ማድረግ ቻለ። ያችን ቁልፍ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ደብተሩ ላይም ነበረች፤ ግን ስትጻፍ የምትፈታው ችግር ገና አልገጠመውም ነበር።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። በዝርዝሩ ላይ ከቁልፉ ስም ፊት የ2 ቁጥር ካያችሁ፣ ቁልፉን ቶሎ ቶሎ ሁለቴ መጫን ማለት ነው። በሁለት ቁልፎች መካከል የመደመር ምልክት ካለ አንዱን ይዞ ሌላውን መጫን ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። ደግሞ ጌሙ ከአንድ በላይ ዝግጁ የቁልፍ አደረጃጀት አለው። የጓደኛችሁ ቁልፍ ከናንተ ቢለይ አትደናገጡ።

«ፐብጂ ላይ ጎበዝ ነኝ፤ ይሄም ያው ነው»

ዝምድናስ አላቸው። ፐብጂን የሠራው አየርላንዳዊው ብሬንዳን ግሪን ባትል ሮያልን (አንድ ብቻ እስኪቀር የሚዋጉበትን የጌም ዓይነት) መጀመሪያ የሞከረው በአርማ 2 ላይ ነበር። ፐብጂ ራሱን ችሎ የወጣው ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ የምትጫወቱት ጌም ሥሩ እዚህ ነው።

ልማዱ ግን አብሮ አይመጣም። ከስልክ የመጣ ልጅ አርማ ውስጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ሜዳ ላይ መሮጥ ነው። ወዲያው ከማያየው ቦታ ይመታል። «ጌሙ ያጭበረብራል» ይላል። ጌሙ ግን አላጭበረበረም። የመታው ሰው 400 ሜትር ርቆ በደረቱ ተኝቶ ነበር።

ርቀቱን በቁጥር ልንገራችሁ። የተለመደ የጠመንጃ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ ወደ 900 ሜትር ይበርራል፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። 600 ሜትር ለመድረስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። የሚሮጥ ሰው በዚያች ቅጽበት ጥቂት ሜትር ተጉዟል። ጥይቱም በመንገዱ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ሰውዬው ያለበት ቦታ ላይ ሳይሆን የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው የምታነጣጥሩት። ዝቅታውን ለማካካስ ፔጅ አፕ እና ፔጅ ዳውን ማነጣጠሪያውን በርቀት ያስተካክላሉ።

ርቀቱን በምን አውቃለሁ ለሚል ደግሞ የልጅነት ዘዴ አለ። ክረምት ላይ ጦሳ ሲያበርቅ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልን ነጎድጓዱን እንጠብቅ የለ? ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይሄዳል። ሦስት ከቆጠራችሁ መብረቁ ያለው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። አርማ ውስጥም ፍንዳታ አይታችሁ እስክትሰሙት ቁጠሩ። ይሠራል። ልጁ ይህን ሲሞክር ያየሁበት ደስታ ከፊቴ አይጠፋም።

«እጁ የፈጠነ ያሸንፋል»

ጦሳን ሽቅብ ሮጣችሁ ውጡና ወዲያው መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሞክሩ። እጃችሁ ይንቀጠቀጣል። የአርማ ወታደርም እንዲሁ ነው። ሲሮጥ፣ ያውም ከባድ ጭነት ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ፣ ይደክመዋል፤ ጠመንጃውም ይወዛወዛል። እዚህ ጋ ጣት ማፍጠን ምንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው መቆም፣ መንበርከክ ወይም መተኛት፣ ከዚያ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ትንፋሽ መያዝ፣ ከዚያ መተኮስ ነው።

ስለዚህ «እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ እጄ እንደ ልጆች አይፈጥንም» ለምትሉኝ፦ አብሽሩ። ከማያቸው ጎበዞች ውስጥ ረጋ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ብዙ ናቸው።

«የተሰጠውን ቁልፍ መቀየር ነውር ነው»

አይደለም። ለብዙዎቻችን እንዲያውም ግድ ነው። አርማ ማጉያና ማሳነሻውን ከኪቦርዱ በስተቀኝ ባለው የቁጥር ሰሌዳ የመደመርና የመቀነስ ቁልፍ ላይ አስቀምጦታል። እኛ ጋ ብዙ ሰው የሚጫወትበት ትንሽ ላፕቶፕ ደግሞ ያ ሰሌዳ የለውም። ሰው ሳምንት ሙሉ ሲፈልገው አይቻለሁ። ወደ ቁልፎቹ ገጽ ገብታችሁ ለጣታችሁ የሚቀርብ ሌላ ቁልፍ ስጡት። በአንድ ጊዜ ግን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ቀይሩ፤ አለዚያ የቀየራችሁትን ራሳችሁ ትረሱታላችሁ።

ማውስ ግን ግዙ። በላፕቶፑ መዳሰሻ ይህን ጌም መማር ራስን ማሠቃየት ነው።

«የሚለመደው ኦንላይን ገብቶ ነው»

ኦንላይን ያሉት ሰዎች ዓመታት ተጫውተዋል። ገብታችሁ በሁለት ደቂቃ ትሞታላችሁ፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት ትሄዳላችሁ፤ ደግሞ ትሞታላችሁ። ምን እንደ ገደላችሁም አታውቁም። እኛ ጋ ደግሞ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ሌላ ፈተና ነው።

ጌሙ ለብቻ የሚለማመዱበት ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ቡትካምፕ የሚባል አጭር የሥልጠና ዘመቻ ተጨምሮለታል። አርሰናል የሚባለው ክፍል መሣሪያውን ሁሉ አውጥቶ ያስሞክራል። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ኤዲተሩን ነው። ባዶ ካርታ ትከፍታላችሁ። አንድ ወታደር፣ አንድ መኪና፣ ሩቅ ላይ አንድ ኢላማ ታስቀምጣላችሁ። የሚተኩስባችሁ የለም። የቸገራችሁን አንድ ነገር ሃያ ጊዜ ትደጋግማላችሁ። መኪና መንዳትን ልጁ የተማረው እንደዚህ ነው፤ እኔ አጠገቡ ሻይ እየጠጣሁ።

መብራት እንደሚጠፋ አትርሱና ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ።

«ያለ ጆይስቲክ ሄሊኮፕተር አይበርርም»

እንደ ዲሲኤስ ባለ የአውሮፕላን ሲሙሌተር ላይ ጆይስቲክ በእርግጥ ብዙ ያግዛል። አርማ ላይ ኪቦርድና ማውስ ይበቃል። መጀመሪያ ማንሣትና ማውረድን ብቻ ተለማመዱ፤ ወደ ፊት መሄዱ ይደርሳል።

«ካርታው ለጌጥ ነው»

ይህን የሚል ሰው ግማሹን ጌም አላየውም።

የአርማ 3 ዋና ደሴት አልቲስ ትባላለች። የተቀዳችው ሌምኖስ ከምትባል የግሪክ ደሴት ነው። ከእውነተኛዋ ታንሳለች፤ ቢሆንም 270 ካሬ ኪሎ ሜትር የብስ አላት። ጌሙን ጠበቅ አድርገው በሚያዘጋጁ ሰዎች ዘንድ «አንተ እዚህ ነህ» የሚል ምልክት ካርታው ላይ የለም። ኬን ተጭናችሁ ኮምፓሱን ታወጣላችሁ። ዙሪያውን ታያላችሁ። ከዚያ ካርታውን ከምታዩት ጋር ታመሳክራላችሁ።

እዚህ ላይ እኛ የወሎ ሰዎች ዕድለኞች ነን ብዬ አምናለሁ። ካርታ ላይ የከፍታ መስመሮች ሲቀራረቡ ገደል ነው፤ ሲራራቁ ሜዳ ነው። ይህን በጂኦግራፊ ክፍል ተምረን ረስተነው ይሆናል፤ እግራችን ግን ያውቀዋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በመሐል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። መንገዱ ለምን ቀጥ ብሎ እንዳልወረደ የገባው ሰው የከፍታ መስመር ገብቶታል። ለልጁ የአልቲስን ካርታ ያስነበብኩት በዚህ መንገድ ነው። «ይሄ የመስመር ክምር አዝዋ ገደል ነው በለው። በመኪና ትወርደዋለህ?» «ኧረ አልወርድም!» «እንግዲያስ ዙር።»

ኮረብታ አናት ላይ ቆሞ አለመታየትም እዚያው ይመጣል። ሰማዩን ተደግፎ የቆመ ሰው ከሩቅ ይለያል። እረኛ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ከአናቱ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ሂዱ።

«ይህን የሚጫወት ጦርነት ናፋቂ ነው»

ይህን የሚሉኝን ሰዎች አልቆጣቸውም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ውስጥ ነበሩ። ቤቱን ጥሎ የወጣ፣ ሰው ያጣ ጎረቤት አለን። ለእነርሱ የመድፍ ድምፅ ጨዋታ አይደለም።

እውነታው ግን እንዲህ ነው። ይህ ጌም ወታደር አያደርግም። ለጦር ሠራዊት ሥልጠና የሚሸጠው ከዚሁ ቤት የወጣ ሌላ ሲሙሌተር ነው፤ እሱም ቢሆን የሜዳውን ሥልጠና አይተካም። ጌሙ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የምትሠሩት መሄድ፣ መጠበቅ፣ ካርታ ማየትና ከጓደኛ ጋር መነጋገር ነው።

ጌሙን ማወቅ አንድ ጥቅምም አለው። ከአርማ 3 የተቀዳ ቪዲዮ «እውነተኛ ጦርነት» እየተባለ በተለያዩ አገሮች ሲሠራጭ ቆይቷል። ቦሄሚያ ኢንተራክቲቭ ራሱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ስለዚህ መግለጫ አውጥቷል። መለያ ምልክቶችንም ዘርዝሯል፦ ምስሉ የደበዘዘ፣ ካሜራው የሚንቀጠቀጥ፣ ብዙ ጊዜ በጨለማ የተቀረጸ፣ ድምፅ የሌለው፣ ሰው ሲንቀሳቀስ የማይታይበት። የተጫወተ ሰው ጭሱንና የጥይቱን ብርሃን ገና ሲያይ ያውቀዋል። የእህቴ ልጅ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ለሰፈሩ ሰው ደርሶ ሽብር ሲፈጥር፣ ስልኩን ተቀብሎ «ይሄ አልቲስ ነው፤ ይሄን መንገድ አውቀዋለሁ» ብሎ አረጋግቷቸዋል።

በቤት ውስጥ ግን ጥንቃቄ አለብን። አንድ ማታ እህቴ ቤት ስንጫወት የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ተነቀለ። ፍንዳታው ክፍሉን ሞላው። እህቴ ከማጀት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ምንም አልተናገረችም። ልጁ ላፕቶፑን ዘጋው፣ ሄዶም እጇን ያዛት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ጀማሪ ከደብሊው በፊት የማሳየው የድምፅ ማስተካከያውን ነው። ጌሙ ከመከፈቱ በፊት የላፕቶፑን ድምፅ ዜሮ እናደርጋለን፤ ከዚያ ማዳመጫውን እንሰካለን፤ ከዚያ ቀስ እያልን እንጨምራለን።