የሚያዩን እንጂ የማይሰሙን ቦታ፦ ስለ ታዳጊ ጥንዶች ቀጠሮ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጆች «ቅዳሜ እንገናኝ» ሲባባሉ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ማንም ጣልቃ ሳይገባ አንድ ሰዓት ማውራት ነው። ትምህርት ቤት እረፍቱ አጭር ነው፣ ጓደኛም ይከብባል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ግማሹ ወሬ «እሺ» እና «ሃሃ» ሆኖ ያልቃል። የቅዳሜው ቀጠሮ ሳይጥም ሲቀር ጥፋቱ የሚጣለው በልጆቹ ዓይን አፋርነት ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያበላሸው የቦታና የሰዓት ምርጫ ነው። አዲስ አበባን ይዘን በብዛት የሚባሉትን እንያቸው።

«ለማውራት እንደ ካፌ የለም»

እንደ ሰዓቱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሙዚቃው ይጮሃል፣ ወንበር የሚጠብቅ ሰው አናታችሁ ላይ ይቆማል፣ አስተናጋጁም ባዶ ስኒ ባየ ቁጥር «ምን ልጨምር?» ይላል። ድምፅን ከፍ አድርጎ የሚወራ ነገር ደግሞ ቀልድና ሐሜት ነው፤ የልብ ወሬ እየጮኹ አይወራም። ካፌ ካልቀረ ጠዋት ከ4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ሂዱ፤ ያኔ ቁርስ የሚበላው ወጥቷል፣ ምሳ የሚበላው ገና አልገባም። ከድምፅ ማጉያውና ከቡና ማሽኑ ራቅ ብላችሁ ግድግዳ ያዙ። ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይልቅ በጠረጴዛው ማዕዘን ግራና ቀኝ ብትቀመጡ ሁለታችሁም ዓይን የምታሳርፉበት ሌላ ነገር ታገኛላችሁ።

ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ስለ ጾም ተጠያየቁ። ረቡዕና ዓርብ አንዱ ማኪያቶውን እየማገ ሌላው ሻይ ይዞ ቢቀመጥ ችግር የለውም፤ ኬክ ቤት ቀጥሮ የሚጾም ሰው ማስቀመጥ ግን አለማሰብ ነው። በረመዳን ደግሞ ካፌውን ተዉት፣ ሽርሽሩም ጥላ ያለበትና አጭር ይሁን።

«ብቻችንን ለመሆን ጭር ያለ ቦታ ያስፈልጋል»

ከሁሉም የሚጎዳው ስህተት ይሄ ነው። ከመንገድ ገባ ያለ የእንጦጦ ጫካ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ኮሽ ባለ ቁጥር ዞር ይላሉ። ስልክ ነጣቂም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። «ዛሬ ቤት ማንም የለም» የሚለው ግብዣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ለማውራት ብላ የመጣች ልጅ ሌላ ነገር ይጠበቅብኝ ይሆን ብላ መጨነቅ ትጀምራለች፤ ተነስቶ መሄዱም ይከብዳታል። ወንዱም ቢሆን ጓደኞቹ ነገ የሚጠይቁትን እያሰበ ያልፈለገውን ሊሆን ይሞክራል።

ለወሬ የሚስማማው ሰው የሚያያችሁ፣ ግን የማይሰማችሁ ቦታ ነው። መኪና በሚያልፍበት ወይም ውኃ በሚፏፏበት አካባቢ፣ በተለመደ ድምፅ ካወራችሁ፣ አሥር እርምጃ ርቆ የተቀመጠ ሰው ማውራታችሁን እንጂ ቃሉን አይለይም። ወዳጅነት ፓርክ ውስጥ ወይም በአዲሶቹ የኮሪደር መንገዶች ዳር ያሉ አግዳሚዎች ለዚህ ይሆናሉ። ፓርክ ከሆነ የመግቢያ ዋጋውንና የሚዘጋበትን ሰዓት ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ በር ላይ ገንዘብ ሲጎድል የሚሰማው እፍረት የቀኑን ወሬ ሁሉ ይበላዋል።

«ቁጭ ካልተባለ አይወራም»

እንዲያውም ጎን ለጎን እየተራመዱ ማውራት ይቀላል። ዓይን ለዓይን ስለማይተያዩ ከባዱ ነገር ከአፍ ይወጣል፤ ዝም ቢባልም እግር እየሄደ ነው፣ ዝምታው አይከብድም። ስህተቱ የሚመጣው ከመንገዱ አቅጣጫ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ዳገት የሚወጣ ሰው ይተነፍሳል እንጂ አያወራም። ስለዚህ ዳገቱን በታክሲ፣ ቁልቁለቱን በእግር።

ለዚህ የሚመች ምሳሌ ቸርችል ጎዳና ነው። ፒያሳ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ተገናኙና ቁልቁል ወደ ለገሃር ውረዱ። ወደ 2 ኪሎ ሜትር ነው፤ በወሬ እርምጃ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በመንገዱ ላይ የትግላችን ሐውልትና ዋናው ፖስታ ቤት አሉ፤ ጫፉ ላይ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆሟል። ወሬው ከጣመ አንድ አግዳሚ ፈልጎ መቀመጥ ነው፤ ካልጣመም ለገሃር ታክሲ አይጠፋም፣ ማንም ሳይከፋው ቻው ይባባላል። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ስለሚወርድ ቀጠሮውን ከ3 እስከ 6 ሰዓት አድርጉት፤ ጃንጥላ ያዙ፣ አንድ ትልቅ።

«ዝምታ ከመጣ አልተግባባንም ማለት ነው»

አይደለም፤ አንዳንዴ ጥያቄው ነው የዘጋው። «ትምህርት እንዴት ነው?» ቢባል መልሱ «አሪፍ ነው» ነው፣ እዚያው ያልቃል። «በዚህ ሳምንት በጣም ያናደደሽ ምንድን ነው?»፣ «ቤት ውስጥ በጠባይ ማንን ትመስላለህ?»፣ «ልጅ እያለሽ ምን ትፈሪ ነበር?» ግን ታሪክ ያወጣሉ። ሦስት ያህል አስባችሁ ሂዱ፤ ሃያ ግን የፖሊስ ምርመራ ይሆናል። መልሱን ሰምታችሁ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ አትሩጡ፤ ከመልሱ ውስጥ አንድ ነገር አንሱና «ከዚያስ?» በሉ። «ለምን አልደወልክም?» ዓይነቱን ለሌላ ቀን አቆዩት።

እጅ ሥራ ሲይዝም አፍ ይፈታል። ካርታ ይዞ ኮንከር መጫወት ይቻላል፤ ገበጣ ግን ቀስ ስለሚል ለወሬ ይበልጣል። የገበጣው እንጨት ከሌለ 30 እንቁላል የሚይዘውን ካርቶን ውሰዱ። በአንድ ጎኑ 6፣ በሌላው 5 ጉድጓድ አለው፤ 6፣ 6 ጉድጓድ ያላቸውን ሁለት ረድፎች አያይዛችሁ በመቀስ ቁረጡ። 48 ፍሬ ሽምብራ ቆጥራችሁ በየጉድጓዱ 4፣ 4 አድርጉ። ጥሬ ሽምብራ ይሁን፤ ቆሎ ከሆነ ጨዋታው ሳያልቅ ይበላል። ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል፤ «እኛ ጋ እንዲህ አይበላም» የሚለው ክርክር ወደ አያት ቤትና ወደ ልጅነት ይወስዳችኋል።

«ፊልም መጋበዝ አሪፍ ነው»

ለመተያየት ከሆነ አዎ። ለማውራት ከሆነ ግን ሁለት ሰዓት ጨለማ ውስጥ አፍ ተዘግቶ መቀመጥ ነው፤ ከፊልሙ በኋላ ቢያንስ 40 ደቂቃ ካልተረፈ ሌላ ነገር ምረጡ።

«ሙዚየም ለትምህርት ቤት ጉብኝት ነው»

በመስመር ተሰልፎ፣ መምህር እየጮኸ ከሆነ አዎ ይሰለቻል። ለሁለት ሰው ግን ብሔራዊ ሙዚየም በየእርምጃው የወሬ ርዕስ ያቀብላል። ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ፤ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ዕቃ ምረጡና ለምን እንደመረጣችሁ ንገሩ፣ ሦስተኛዋ ድንቅነሽ ትሁን። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኘች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት፣ ቁመቷ ግን 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጽም ተቆልፎ ይቀመጣል። 45 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በአራት ኪሎ በኩል በእግር መውረድ ነው።

«ወንዱ ነው የሚከፍለው»

ሁለቱም የኪስ ገንዘብ ከቤት የሚቀበሉ ተማሪዎች ናቸው። አንዱ ሲከፍል ሌላው የፈለገውን ለማዘዝ ይሳቀቃል፤ ከፋዩም ዋጋ እያሰላ ጆሮው ወሬው ላይ አይሆንም። ከዋዜማው «እኩል እናዋጣ» ተባባሉ፣ ወይም አንዱ ታክሲውን ሌላው ሻዩን ይያዝ። ወረቀት የተጠቀለለ ኦቾሎኒና አንድ ጠርሙስ ውኃ ለሁለት ሰዓት ይበቃል።

«ቤተሰብ ካወቀ አለቀልን»

እውነት ነው፣ ሁሉም ቤት እኩል አይደለም፤ «የወንድ ጓደኛ አለኝ» ለማለት የማይሞከርበት ቤት ብዙ ነው። ግን ለማንም አለመንገርና ለአባት አለመንገር ይለያያሉ። ታላቅ እህት ወይም ልብ የሚሉሽ አክስት የት እንዳለሽና ስንት ሰዓት እንደምትመለሺ ይወቁ፤ ለወንዱም እንዲሁ። «ጥናት ነን» ብሎ የወጣ ሰው የሚያውቀው ሰው ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞራል፣ ስልኩ ሲጠራም ይደነግጣል።

የመመለሻ ሰዓት ደግሞ ቀጠሮ ስትይዙ ይቆረጥ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትገባው እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ድረስ ነው፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ የታክሲ ሰልፉ ይረዝማል። ከሰዓት ከሆነ 8 ሰዓት ተኩል ተገናኝታችሁ 10 ሰዓት ተኩል ብትለያዩ ሁለት ሰዓት ሙሉ አውርታችሁ በብርሃን ቤት ትገባላችሁ። ስልኩ ቻርጅ ይኑረው፣ ድምፁ ለቤተሰብ ጥሪ ብቻ ክፍት ይሁን፤ ቦታውም ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ አይደለም።