የታርጋ አንባቢ ካሜራዎች የደኅንነት ክፍተቶች

የታርጋ አንባቢ ካሜራ በመንገድ ዳር ምሰሶ፣ በድልድይ ወይም በፖሊስ መኪና ላይ ይገጠማል። በሚያልፈው መኪና ላይ ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ይለቃል፤ ታርጋው ብርሃኑን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ በጨለማም ቁጥሩ ጎልቶ ይነበባል። የተነበበው ቁጥር ከሰዓቱና ከቦታው ጋር ወደ ሰርቨር ይላካል፣ ከሚፈለጉ መኪኖች ዝርዝር ጋርም ይመሳከራል።

ስለ ክፍተቱ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለው በጭቃ የተሸፈነ ታርጋ ነው። ዋናው ቀዳዳ ግን ምሰሶው ላይ ያለው ሳጥን ነው፤ ከውስጡ ያለው በሞደምና በሲም ካርድ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ቢሮ ሆኖ ለመቆጣጠር እንዲመች ሞደሙ ከውጭ የሚታይ አድራሻ ይሰጠዋል። ገጣሚው የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ሳይቀይር ከሄደ፣ ወይም ጭራሽ ካላስገባ፣ አድራሻውን ያገኘ ሁሉ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 ለዲጂታል መብቶች የሚሟገተው የአሜሪካ ድርጅት ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በዚህ መልክ የተጋለጡ ከ100 በላይ ካሜራዎችን ይፋ አድርጓል። በ2020 ደግሞ የእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ የካሜራ መቆጣጠሪያ ገጽ ያለ ይለፍ ቃል ተከፍቶ ተገኘ፤ 8.6 ሚሊዮን ያህል የጉዞ መዝገብ ይታይበት ነበር። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ሲም ካርዱን በቴሌኮሙ የግል ኔትወርክ ውስጥ ማስገባት፣ መግቢያውን በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተጠበቀ የግል መስመር) ብቻ መፍቀድ፣ የማያስፈልጉ የኔትወርክ በሮችን መዝጋት።

ሳጥኑ ሜዳ ላይ የሚያድር በመሆኑ ሊነቀልም ይችላል። በ2024 የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ ስለ አንድ የሞቶሮላ ታርጋ አንባቢ ሳጥን ባወጣው ማስጠንቀቂያ ውስጥ ሳይመሰጠር (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ሳይደረግ) የተቀመጠ መረጃና ሶፍትዌሩ ውስጥ በቋሚነት የተጻፈ የይለፍ ቃል ይገኙበታል። ዲስኩ ቢመሰጠርም፣ ቁልፉ እዚያው ዲስክ ላይ ካለ ምስጠራው ለስሙ ብቻ ነው።

መረጃው ከባለቤቱ እጅ ሲወጣ ጠባቂው ይበዛል፣ ተጠያቂው ይጠፋል። በ2019 የአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ንዑስ ተቋራጭ ከመመሪያ ውጭ ወደ ራሱ ኔትወርክ የገለበጣቸው የተጓዦችና የታርጋ ምስሎች በጠላፊዎች ተሰርቀዋል። ከዝርዝሩ ጋር ያልተዛመደ ንባብ ወዲያው ቢጠፋ የሚሰረቀውም ያንሳል።

በመጨረሻም ታርጋ ራሱ ማንነትን አያረጋግጥም። የሌላን መኪና ቁጥር አስመስሎ የለጠፈ ሰው በካሜራው ዘንድ ያ መኪና ሆኖ ያልፋል። ንባቡም ይስታል፦ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ካሜራው 3ን 7 ብሎ በማንበቡ አንዲት ሴት በመሣሪያ አፈሙዝ ፊት ተንበርክካ በካቴና ታስራለች። የተሰረቀው መኪና ግን ሌላ ዓይነት ነበር። ስለዚህ ማንቂያ ሲጮኽ ፖሊሱ ፎቶውን ከፍቶ ቁጥሩን በዓይኑ ማንበብ፣ የመኪናውን ሞዴልና ቀለም ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት፣ ከዚያ ብቻ ማስቆም አለበት።